ጋሽ ጥርሴ እና ተይዘው የሚለቀቁት ዓሦች

ወንድማችን ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥቅምት 3 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከጅረቱ የእግረኛ ድልድይ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ትዳር መሥርተው የኖሩበትና ያረፉበት ቤት ደግሞ ከዚያው ሦስት በር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከአምስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። አምስተኛዋ ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ናት። በመዝገብ ላይ ያለውን ስማቸውን ከመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በቀር የሚጠራው ስላልነበረ፣ እዚህም ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው ስም ጋሽ ጥርሴ እንላቸዋለን።

የአጥማጆች ማኅበር ለዛሬው ቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ በግማሽ ገጽ አዘጋጅቶ ልኮልን ነበር። በዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ «የመልቀቅ አባት» ተብለዋል፤ ባለቤታቸው የስልክ ኦፕሬተር ሳይሆኑ ነርስ ሆነዋል፤ የመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታት ግን የሉም። ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ምንም ሳያደርግ አይኖርም። ስለዚህ ጽሑፉን ከምስጋና ጋር መልሰናል። ይህ የቤተ ሰቡ ነው፤ የጎደለውን ይዟል።

ጋሽ ጥርሴ የመጀመሪያና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በሥዕልና በእጅ ሥራ አንደኛ፣ በታሪክ ትምህርት ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ ይህን የታሪክ አስተማሪ የሆነችው እህታቸው እስከ መጨረሻው ስታነሣባቸው ኖራለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳሉ አባታችን የውሃ ጋን ሊገጥሙ ከወጡበት ጣሪያ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። ቤቱ ደሞዝ ፈለገ። በ1962 ዓ.ም. ጋሽ ጥርሴ ትምህርታቸውን አቋርጠው በከተማው ብቸኛ የጥርስ ክሊኒክ ዕቃ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ።

የክሊኒኩ ሐኪም ቃል የሚቆጥቡ አዛውንት ነበሩ። አንድ ቀን ተሰንጥቆ የተጣለ የጀሶ የጥርስ ቅርጽ ስንጥቁ እስኪጠፋ ተጠግኖ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ አገኙት። ማን እንዳደረገው አልጠየቁም። በማግስቱ ሞረዱን፣ ሰሙንና አጉሊ መነጽሩን ለዕቃ አጣቢው ሰጥተው የኋላውን ክፍል አሳዩት። ጋሽ ጥርሴ ከዚያ ክፍል የወጡት ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ በጡረታ ነው።

ክፍሉ ሁለት ሜትር በሦስት ነበር። መስኮቱ የሚያየው የውሃ መውረጃውን ነው። መደርደሪያው ላይ የሰዎች መንጋጋ በጀሶ ተቀርጾ፣ ስም ተጽፎበት ተደርድሯል። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በጀሶ ብናኝ ነጭ ሆኖ ስለሚወጣ፣ በሃያ ዓመታቸውም ሽማግሌ ይመስሉ ነበር። በዚህች ከተማ ከስልሳ ዓመት በላይ ከሆናችሁት መካከል ግማሾቻችሁ የምትስቁት በእሳቸው ጥርስ ነው። ሰውን መንገድ ላይ ሲያገኙ ከጤናው በፊት የሚጠይቁት ንክሻውን ነበር። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሹም በስብሰባ ላይ ዓይን ያወጣ ውሸት ሲናገሩ ከኋላ ተቀምጠው ሰምተው፣ ጥርሱ የእኔ ነው ምላሱ ግን የራሱ ነው ብለው ጎረቤቶቻቸውን አስቀዋል። ሹሙም ሰምተዋል ይባላል። ጥርሳቸውን ለማሳደስ ግን ሌላ ቦታ አልሄዱም።

ጋሽ ጥርሴን ወደ ጅረቱ የወሰዷቸው እኚሁ ሐኪም ናቸው። ዘመኑ 1965 ዓ.ም. ነበር። ጅረቱን የማታውቁ እንግዶች ከመካከላችን ስላላችሁ፦ ከላይ ከተራራው ቀዝቅዞ የሚወርድ፣ ሰፊው ቦታ ላይ በስድስት እርምጃ የሚያልቅ፣ ከአናጢው ቤት ጀርባ ተነሥቶ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አልፎ ዋናው መንገድ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ የሚገባ ውሃ ነው። ሰው የሚያጠምድበት ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በውስጡ ትራውት ይኖራል፤ ጎኑ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ የማይኖር፣ ጥላ ሲያይ የሚደነግጥ ዓሣ ነው። የሚጠመደው በትል አይደለም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ በውሃው ላይ የሚበሩ ነፍሳትን ይመስላል፤ አጥማጆች ዝንብ ይሉታል። ዝንቡን በረጅም ቀጭን ዘንግና በክር ወርውሮ ውሃው ላይ እንደ እውነተኛ ነፍሳት ማሳረፍ ነው ጥበቡ።

ለዚህ ሥራ ጋሽ ጥርሴ የተፈጠሩ ነበሩ። ዝንቡን የሚሠሩት የጥርስ ሥራውን በሚይዙበት ሞርሳ ነበር፤ ክሩን የሚቀቡት በጥርስ ሰም ነው። ኋላም አንድ የራሳቸውን ነገር ጨመሩ። መንጠቆ ጫፉ ላይ ዓሣው እንዳያመልጥ ወደ ኋላ የሚመለስ እሾህ አለው። ጋሽ ጥርሴ ያንን እሾህ በጥርስ ሞረድ ሞርደው ያጠፉት ነበር፤ እንዲህ ከሆነ መንጠቆው ከዓሣው አፍ ሳያቆስል ይወጣል። ሐኪሙ ይህን ሲያዩ፣ ለሰው ጥርስ ትሠራለህ ለመንጠቆ ደግሞ ትነቅላለህ ብለው ሳቁ። ሐኪሙ ሲስቁ ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. የፊት ጥርሳቸው የተሰበረ አንዲት የስልክ ኦፕሬተር ወደ ክሊኒኩ መጡ። ጋሽ ጥርሴ ጥርሱን ሠሩላቸው። ቀለሙ አልተስማማም ብለው መልሰው ጠሯቸውና እንደገና ሠሩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠሯቸው ኦፕሬተሯ መስተዋቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ «ጥርሱ ደህና ነው። ሌላ ነገር ካለህ ተናገር» አሏቸው። በ1972 ዓ.ም. ተጋቡ። ያ ጥርስ ዛሬም በቦታው አለ። በ1974 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው፣ በ1978 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው ተወለዱ። ሴቷ መድኃኒት ቀማሚ፣ ወንዱ የመብራት መስመር ሠራተኛ ሆነዋል። ጋሽ ጥርሴ በኪሳቸው ዝንብ የመርሳት አመል ነበራቸው፤ ባለቤታቸው ልብስ ሲያጥቡ ጣታቸው እየተወጋ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደው እኔን ብቻ ነው ይሉ ነበር።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰው ዓሣውን በከረጢት እየሞላ መውሰድ ጀመረና ጅረቱ ባዶ ሊሆን ደረሰ። ጋሽ ጥርሴ ያን ጊዜ ነው ይዞ መልቀቅን ማስተማር የጀመሩት። እጅህን ሳታርስ ዓሣ አትንካ፤ እንደ ልብስ የለበሰውን ዝልግልግ ነገር ትገፈዋለህ። አንተ ትንፋሽህን ልትይዝ ከምትችለው በላይ ከውሃ አታውጣው። ራሱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረህ ያዘው፤ ራሱ ሲሄድ እንጂ አንተ ስትፈልግ አትልቀቀው። ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ትክክለኛ ትምህርት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ዓሣው ተመለሰ። በ1989 ዓ.ም. በዚያች የጀሶ ክፍል ውስጥ ሰባት ሰዎች ቆመው፣ መቀመጫ ስላልነበረ፣ የአጥማጆች ማኅበርን መሠረቱ። ከሰባቱ አንዱ የዛሬው ሊቀ መንበር ጫማ ሻጩ ናቸው፤ ዘንግ አያያዝን ከጋሽ ጥርሴ እጅ የተማሩ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

ማኅበሩ አደገ። ሰባቱ ሰባ፣ ሰባው አራት መቶ ሆኑ። ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ ይመጡ ጀመር። ጅረቱ በስልክ በሚዞር ፎቶግራፍ ታወቀ። በዕረፍት ቀን በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስልሳ ሰው ይቆማል፤ ከድልድዩ ሥር ባለው ጥልቅ ቦታ ወረፋ ይያዛል። ይህ ሁሉ ሰው እጁን አርሶ ይይዛል፣ በሥርዓት ይለቃል፣ አንድም ዓሣ ሳይወስድ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለዚህ ማንም ሰው ምንም ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ አላሰበም። ጋሽ ጥርሴም አላሰቡም። ይህን እዚህ የምንጽፈው እሳቸው ራሳቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ ስለነበር ነው፦ ከሁሉ አስቀድሞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ይሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የበጋው ወራት፣ ከዋናው መንገድ ሥር ባለው ቱቦ አፍ ላይ ቆሻሻ እንዲይዝ የተደረገው ወንፊት ላይ የሞቱ ትራውቶች አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረኑን ሸሽቶ ያልፍ ነበር። ጋሽ ጥርሴ ግን አርባ ሁለት ዓመት አፍ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። የዓሦቹን አፍ ከፍተው በአጉሊ መነጽር አዩ። ያለ እሾህ መንጠቆ የሚተወውን ንጹሕ ቀዳዳ ያውቁታል፤ እሳቸው የፈጠሩት ቀዳዳ ነው። አንዱ ዓሣ አፍ ላይ ዘጠኝ ነበር።

በመጋቢት ወር፣ በእኩለ ቀን፣ የውሃው ሙቀት ሃያ ሁለት ዲግሪ ሲሆን፣ ከወንፊት ሽቦ የሠሩትን ሰፊ ሣጥን በጥላ ሥር ውሃው ውስጥ አስቀመጡ። በገዛ ዝንባቸው አሥር ትራውት ያዙ። እጃቸውን አርሰው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ራሱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረው፣ ያስተማሩትን አንድም ሳያስቀሩ እያንዳንዱን ወደ ሣጥኑ ለቀቁ። አሥሩም ዋኝተው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ሰባቱ ሞተው ተገኙ። በጥቅምት፣ ውሃው አሥራ ሁለት ዲግሪ ሳለ፣ ያንኑ ደገሙት። አንድ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤታቸው እንደሚሉት ለአራት ቀን ከኋላው ክፍል አልወጡም፤ ያን ጊዜ የኋላው ክፍል ማለት በቤታቸው ያሰናዱት የዝንብ መሥሪያ ነው። ሲወጡ በእጃቸው አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር። ዓሣ በሙቅ ውሃ ውስጥ ሲታገል ይታፈናል፤ ዋኝቶ ይሄድና ዓይን በማያየው ቦታ ይሞታል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ጅረቱ ይዘጋ። ጥያቄው ይኸው ነበር። ሦስት ወር።

ገጹን ይዘው ወደ ማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ሄዱ። ንባባቸውን ሲጨርሱ ጫማ ሻጩ ሊቀ መንበር ቆመው፣ «ጋሽዬ፣ እያየነው ዋኝቶ የሄደን ዓሣ ሞቷል ብለን እንዴት እንመን?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ይህ ነው የባሰው። ድምፅ ተሰጠ። ስልሳ አንድ ለአራት ተሸነፉ። ከዚያም ስልሳ አንዱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው አጨበጨቡላቸው፤ ስማቸው የተቀረጸበት የናስ ሰሌዳ ሰጧቸው። ሰሌዳው ቤት አለ። ግድግዳ ላይ ግን አልተሰቀለም።

ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የውሃ ክፍል ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር፤ አስቀምጦ አዳመጣቸው። ቅጹን አወጣ። በቅጹ ላይ «ከውሃው የተወሰደ ዓሣ ብዛት» የሚል ሣጥን አለ። ከዚህ ጅረት የሚወሰድ ዓሣ ስለሌለ ላለፉት ሃያ ዓመታት የተጻፈው ዜሮ ነው። በዜሮ ላይ እገዳ አይወጣም አላቸው። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ አለ። የምር ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ሰባቱንም ጊዜ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

ከ2009 እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ በእነዚያ ሦስት ወራት ጋሽ ጥርሴ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት የእግረኛው ድልድይ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አሳልፈዋል። በገመድ የታሰረ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ሃያ ዲግሪ ሲያልፍ ወደ ጅረቱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ፣ ዛሬ ተዉት ወደ ቤታችሁ ሂዱ እያሉ ይለምናሉ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያ ድልድይ አልፋችኋል። ኮፍያችሁን አውልቃችኋል። ትከሻቸውን ስማችኋል። ውሃ ገዝታችሁ ሰጥታችኋል፤ አንዳችሁ ጃንጥላ አምጥታችሁ ወንበሩ ላይ አስራችሁላቸዋል፤ ያ ጃንጥላ አሁንም ድልድዩ ላይ አለ። ከዚያም ወርዳችሁ አጥምዳችኋል። ከእናንተ አንዱ፣ ጋሽዬ እርስዎ ካስተማሩን ወዲህ እኔ አንድም ዓሣ ገድዬ አላውቅም ብሎ እጃቸውን ጨብጦ ወርዷል። ያን ቀን ማታ እራት አልበሉም። ባለቤታቸው ምን ሆንክ ቢሏቸው የመለሱት ይህን ነበር፦

«ቢሰድቡኝ እኮ መልስ ነበረኝ።»

በ2012 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው በጋዜጣ ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጣች። የማኅበሩን አባላት «እጃቸውን ታጥበው የሚገድሉ» አለቻቸው፤ ሊቀ መንበሩን ጫማ ሲሸጥ እግር የሚለካ፣ ውሃ ለመለካት ግን የማይጎነበስ ሰው አለቻቸው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነበር፤ ብዙ ሰው አመሰገናት። በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ጅረቱ የወረደው ሰው ከወትሮው በእጥፍ በለጠ፤ ለማኅበሩ ክብር ሲሉ ነው የወረዱት። ጋሽ ጥርሴ እህታቸውን አስጠርተው በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጧት። «አንቺ ስትሰድቢያቸው ጅረቱን ትተው አንቺን ያያሉ» አሏት። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ቀን የሞቱ ዓሦች በእሷ እጅ ላይ ናቸው፤ ይህም ይጻፍ።

ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ ዝንብ ለመሥራት ሞርሳው ፊት እንደተቀመጡ ጋሽ ጥርሴ አንጎላቸው ውስጥ ደም ረጋ። ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተያዙ። አእምሯቸው ግን ሙሉ ነበር፤ ሐኪሞቹም ይህን አረጋግጠዋል፣ እኛም በየቀኑ አይተነዋል። ባለቤታቸው የግራ እጃቸውን ቋንቋ ተማሩ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ውሃ፣ ጣት ወደ መስኮት ሲሆን ክፈቱት፣ እጁ ተነሥቶ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ አይሆንም፣ ተዉ ማለት ነበር። ይህን የመጨረሻውን ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ከእሳቸው በቀር የሚረዳው አልነበረም።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሦስት የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ሊጠይቋቸው መጡ። ጫማ ሻጩም ነበሩ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ስልካቸውን አውጥተው የዚያን ሳምንት ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አሳዩአቸው፦ ዓሣ በእርጥብ እጅ፣ ዓሣ በእርጥብ እጅ፣ ዓሣ በእርጥብ እጅ። በእኩለ ቀን ፀሐይ። ጋሽ ጥርሴ አለቀሱ። ግራ እጃቸውን አንሥተው አንቀጠቀጡ። ጫማ ሻጩ ያንን የተነሣ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ መርቀውናል አሉ። እሳቸውም አለቀሱ። እንባቸው የእውነት እንደነበር ይህን የጻፈችው እህታቸው በዓይኗ ስላየች ትመሰክራለች። ባለቤታቸው ከበሩ ሥር ቆመው፣ «ይሄ የደስታ እንባ አይደለም። ተዉ እያለ ነው» አሏቸው። ከመካከላቸው አንዱ ትከሻቸውን አቅፎ፣ አይዞዎት እትዬ፣ ለእርስዎ ከባድ ነው አላቸው። ሌላው ጋሽ ጥርሴ እያለቀሱ እጃቸውን ሲያነሡ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር።

ያ ፎቶግራፍ ዛሬ በከተማው ባሉ የመብራት ምሰሶዎች ሁሉ ላይ ተለጥፏል። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ሲወርድ፣ ግራ እጃቸው ተነሥቶ። ከሥሩ «በደስታ ያለቀሱለት ጅረት» ይላል፤ ከዚያም «የጋሽ ጥርሴ ቀን፣ ቅዳሜ የካቲት 30፣ ታላቅ የመያዝና የመልቀቅ ውሎ»። ማስታወቂያው የተለጠፈው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው። ከመኝታ ክፍላቸው መስኮት ማዶ ባለው ምሰሶም ላይ አንድ ነበር። ልጃቸው ምሰሶ መውጣት ሥራው ስለሆነ ወጥቶ አነሣው። በማግስቱ ሌላ ተለጠፈ። እሱንም አነሣ። ሦስተኛውን ሲለጥፉ ሁለት ወጣቶች አግኝቶ ሊጣላ ሲል፣ ከልብ ደንግጠው፣ ለአባትህ ክብር እኮ ነው አሉት። እጁን ዝቅ አድርጎ ገባ። ከዚያ በኋላ መጋረጃው እንደተዘጋ ቀረ።

ቤተ ሰቡ ለማኅበሩ ሦስት ደብዳቤ ጽፏል። የመጀመሪያው በትሕትና፣ ሁለተኛው በሕግ ባለሙያ፣ ሦስተኛው በባለቤታቸው እጅ ጽሑፍ። ለመጀመሪያው ምስጋና፣ ለሁለተኛው ዝምታ፣ ለሦስተኛው የአበባ እቅፍ መልስ ተሰጠ።

ጋሽ ጥርሴ ማክሰኞ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እህታቸው አጠገባቸው ነበሩ። በመጨረሻው ሰዓት ግራ እጃቸው ምንም አላለም።

ማኅበሩ ሞታቸውን በሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሐዘን መግለጫ አወጣ። የቅዳሜው ውሎ ወደ መታሰቢያ ውሎ ተቀይሯል ይላል። ከሞታቸው በፊት የተመዘገቡት መቶ ሰማንያ ሰዎች ነበሩ፤ ትናንት ማታ ሁለት መቶ አርባ ደርሰዋል። አራት አውቶቡስ ታዟል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሟቹ ክብር ብቻ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ስለሚሆነውም ነው የተጻፈው። እህታቸው ለዚህ ቦታ ብዙ የተሳለ ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ባለቤታቸው አንብበው ሰረዙት። በምትኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲገባ ፈለጉ፤ ያስጻፉትም ይህን ነው፦ «እሱ የለመናችሁ ሦስት ወር እንድትተዉት ብቻ ነው፤ እኔ የምለምናችሁ ቅዳሜን ነው።»

ይህን ሰምታችሁ ምን እንደምታደርጉ አናውቅም። አንድ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ በፊታችሁ ተቀምጦ ነግሯችኋል፤ እኛ በአንድ ጽሑፍ ከእሱ የተሻለ እንናገራለን ብለን ራሳችንን አናታልልም። ክፉ ሰዎች ናችሁ ብለንም አንጽፍም፤ ክፉ ብትሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር። ትወዷቸው ነበር። ዛሬም በዚህ ሙቀት ቆማችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ለቅሷችሁን እናመሰግናለን።

ጋሽ ጥርሴ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ባለቤቷን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም ከእጃቸው የወጣ ጥርስ በአፉ ያለውን የዚህን ከተማ ሰው ሁሉ ትተው ሄደዋል። ታላላቆቻቸው ሦስቱ ቀድመዋቸዋል። ፈጣሪ ለደከመችው ነፍሳቸው ቀዝቃዛ ማረፊያ ይስጥ፤ ለባለቤታቸው ጉልበት፣ ለልጆቻቸው መጽናናት ያድርግልን።

ከዚህ ንባብ በኋላ አስከሬናቸውን ከዚህ እስከ መቃብሩ የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ጫማ ሻጩን ጨምሮ የማኅበሩ አባላት ናቸው። በራሳቸው ልመና ነው፤ ከቤታችን ይህን ያህል መንገድ ለመሸከም የሚበቃ የወንድ ትከሻ ስለሌለ ባለቤታቸው እሺ ብለዋል። ስድስቱም ለቅዳሜ ተመዝግበዋል።